ውጭ አገር የተባለችው ቁንዝላ

ሰኞ

ስልኩን ሳነሳው ሴትዮዋ ተቆጥታለች። «እህቴ፣ እኔ ቁንዝላ ነኝ። ጣና ፊት ለፊቴ ነው። ውጭ አገር ነሽ የምትሉኝ በምን አያችሁኝ?»

ዘይነባ ትባላለች፤ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ኮሌጃችን ለሚሰጠው የአዋላጅነት ትምህርት በኢንተርኔት ልትመዘገብ ስትል ገጹ «ከኢትዮጵያ ውጭ ሆነው መመዝገብ አይችሉም» ይላታል። መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ደነገጥሁ። የኮሌጁን ድረ ገጽ የምጠብቀው፣ ያንን ዓረፍተ ነገርም የጻፍሁት እኔ ነኝ። ባለፈው ወር ሌቦች ከውጭ አገር የይለፍ ቃል እየገመቱ ሊገቡብን ሲሞክሩ፣ የሌላ አገር የተባለውን አይፒ አድራሻ፣ ማለትም ስልክና ኮምፒውተር ኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር፣ በሙሉ ዘጋሁ። በስብሰባ ተመሰገንሁበት።

ምዝገባው ዓርብ ያበቃል።

ማክሰኞ

ዘይነባ የሞከረችበትን አድራሻ አገኘሁት። የትኛው አድራሻ የየት አገር እንደሆነ የሚናገረው ዝርዝር ሌላ አህጉር ያደርጋታል። ዝርዝሩ አሮጌ ነው፤ አድራሻው ወደ እኛ አገር ከዞረ ቆይቷል። በነጻ ያወረድሁት ነው፣ የመቼ እንደሆነ እንኳ አላየሁም።

የተከለከሉትን መዝገብ ከፈትሁ። ብዙ ናቸው። የምዝገባውን ገጽ ብቻ ይከፍታሉ፣ ይከለከላሉ፣ ከሰዓት በኋላ ደግመው ይሞክራሉ። ሌባ እንዲህ አያደርግም። ይባስ ብሎ ሌቦቹ አሁን በአገር ውስጥ አድራሻ ነው የሚመጡት።

ረቡዕ

ለኃላፊዬ ለአቶ ጌታሁን ነገርኋቸው።

«አንቺው ዘግተሽ አንቺው ልትከፍቺ? የተቸገረ እዚህ መጥቶ ይመዝገብ» አሉ።

ዘይነባ ጣቢያው ውስጥ ብቻዋን ናት፣ ወላድ ጥላ አትመጣም አልኋቸው። አልተዋጠላቸውም። «እስቲ በራስዎ ስልክ ይሞክሩት» አልሁ። ዳታ ባጠፉና ባበሩ ቁጥር አድራሻው ይቀያየራል። ሞከሩ፤ ከፈተላቸው። አፈርሁ። «እባክዎ ይድገሙት።» በሦስተኛው «ከኢትዮጵያ ውጭ ሆነው...» አላቸው። ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«እስከ ነገ ሌላ መላ ካመጣሽ ይከፈት።»

ሐሙስ

መላው፦
የይለፍ ቃል አምስት ጊዜ የተሳሳተ ይቆለፍበታል፣ ከየትም ይምጣ።
ተመዝጋቢ በስልኩ በሚላክለት ቁጥር ይረጋገጣል።
የአገር እገዳው ይነሳል።

ምሳ አልበላሁም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እገዳውን አነሳሁ። ወዲያው ከውጭም የይለፍ ቃል ግመታው ጀመረ። ቁልፉ ያዘ! አንድም አልገባም።

ለዘይነባ ደወልሁ። አታነሳም። ደግሜ ደወልሁ። አታነሳም።

ዓርብ

ጠዋት ስብሰባ ላይ ተነስቼ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናገርሁ። የከለከልናቸው ሰዎች ሳይገቡ ስለተመለሱ ስማቸውን እንኳ አናውቅም፤ ቀን ይጨመርላቸው አልሁ። አቶ ጌታሁን እስከ ረቡዕ ፈቀዱ። በዚህኛው ስብሰባ የሚያመሰግነኝ የለም፤ ይሁን።

አራት ሰዓት ላይ ዘይነባ ደወለች። ትናንት ምጥ የያዛት እናት ስታዋልድ ነበር፤ እናትም ልጅም ደህና ናቸው። ስልኩን ሳትዘጋ ቅጹን ሞላች። «ተመዝግበዋል አለኝ!» ስትል ጮህሁ።

ከዚያ ምዝገባው እስከ ረቡዕ መራዘሙን የሚገልጸውን ማስታወቂያ ለየወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በስልክ ሳነብ ዋልሁ። ድምፄ ተዘጋ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁለት አዲስ ስሞች ገቡ፤ አንዷ ከእንፍራንዝ። የቀሩት ይመለሱ ይሆን? አላውቅም። ነገ ቅዳሜ ቢሆንም ቢሮ እገባለሁ።