ጭንቅላቷ የተሰነጠቀ መለኮሻ

ግርማዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ሙት ዓመትህን ቤተ ክርስቲያን አስበንልሃል፤ ካህኑም ስምህን ጠርተዋል። ቤቱ ያው ነው። ሙጫህና ካርቶንህ የነበሩበት ጥግ ላይ አሁን ሶፋው ተቀምጧል፤ አንተ ብትኖር በጄ አትለኝም ነበር።

ሠርተህ ጨርሰህ ሳታስወነጭፋት የቀረችው አረንጓዴ የካርቶን ሮኬት ግን ቁም ሣጥኑ አጠገብ ቆማ ዓመቱን ሙሉ ስታየኝ ከረመች። ባለፈው ሳምንት ጓደኛህ ፍራንኮ ደወለና፣ እሑድ እሑድ ሮኬት ታስወነጭፉበት ወደነበረው ሜዳ ይዣት እንድመጣ ለመነኝ።

የብስኩት ቆርቆሮህን ከፈትኩ። መለኮሻ የምትላቸው፣ የሮኬቱን ሞተር የሚያቀጣጥሉት ሽቦዎችህ እንዳስቀመጥካቸው አሉ፤ ቀጫጭኖቹ ለትንንሹ ሞተር፣ የባሩድ ጭንቅላታቸው ወፈር ያለው ለትልልቁ። ስንት ጊዜ ሳቅሁብህ። እዚህ ጣልያን አገር፣ ቪያ ቮልቱርኖ መንገድ ላይ የሰው ስልክ ስትጠግን ትውልና፣ ቤት ገብተህ ደግሞ ሽቦ ትመርጣለህ። አንድ ጊዜማ ሽቦ ሁሉ ሽቦ ነው ብዬ ለትልቁ ሞተር ቀጭኗን በግድ አስያዝኩህ። ሜዳው ላይ ጥቂት ጭስ ወጣ እንጂ ሮኬቷ ንቅንቅ አላለችም። ምን እንደሆነች ለማየት ስነሣ ክንዴን ያዝከኝ፤ ዘግይታ ልትነሣ ትችላለች፣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ አይጠጓትም፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ አልከኝ። ሜዳው ላይ ለነበሩት ጣልያኖች ጓደኞችህ ግን ጥፋቱ የራስህ እንደሆነ ነገርካቸው። ያኔ አላመሰገንኩህም፤ ዛሬ አመሰግንሃለሁ።

ከወፍራሞቹ የቀረችው አንዲት ብቻ ነበረች፣ በእጅህ የሠራሃት የመጨረሻዋ። ያንተን ሮኬት ያንተ እጅ ይለኩሳት ብዬ ቆረጥኩ። እሑድ ከፍራንኮ ጋር ሜዳ ደርሰን ወደ ፀሐይ አቅርቤ ሳያት ግን ጭንቅላቷ ተሰንጥቋል። የተሰነጠቀ መለኮሻ አይታመንም፣ ይጣላል ትል ነበር። ፍራንኮ አዲስ መለኮሻ ይዞ አጠገቤ ቆመ። ብዙ አሰብኩ። ልቤ ያንተን አስገቢ ይለኛል፤ አንተ ያስተማርከኝ ደግሞ ሌላ ነው። ብትከሽፍ ያንን አንድ ደቂቃ ያላንተ መጠበቁንም ፈራሁት።

አዲሷን ወሰድኩ። እንዳሳየኸኝ፣ ጭንቅላቷ እስከ ሞተሩ ውስጠኛ ጫፍ መድረሷን አረጋግጬ ሽቦዋን በፕላስተር ያዝኩት። የማስወንጨፊያውን ቁልፍ ስጫነው ሮኬትህ ወዲያው ተነሣች። ከፍ ብላ ጃንጥላዋ ተከፈተና የታጨደው ስንዴ ማሳ ላይ በቀስታ ወረደች፤ ምንም አልሆነች። አለቀስኩ። ፍራንኮም ዞር ብሎ አፍንጫውን ሲጠርግ አይቼዋለሁ።

ከእንግዲህ እሑድ እሑድ እሄዳለሁ። መለኮሻ በመረጥኩ ቁጥር ወደ ፀሐይ አቅርቤ አያለሁ፤ ባየሁ ቁጥርም አስብሃለሁ፣ ቃሌ ነው።

ያቺን የተሰነጠቀችዋን ግን አልጣልኳትም። ፎቶህ ሥር አስቀምጫታለሁ። በዚህ እንኳ አንዴ አልታዘዝህ።

ሚስትህ አልማዝ