ጋሸና ላይ ያልወረደው እንግዳ

ማክሰኞ

ዛሬም እንግዳ ተነጠቀ። የእህቴ ልጅ ሞላ አስጎብኚ ነው፤ ከሚሊኒየሙ ወዲህ እንግዶቹ በኢሜይል ጽፈውለት ይመጣሉ። በላይ የሚባል ሌላ አስጎብኚ ከአውቶቡስ በሚወርዱባት በጋሸና መገንጠያ ቀድሞ በስማቸው ይጠራቸውና «ሞላ ልኮኝ ነው» ብሎ ይወስዳቸዋል። ሦስተኛው ነው። ስማቸውን ከሞላና ከሥራ ባልደረባው ከካሴ በቀር የሚያውቅ የለም።

«ካሴ ነው» አልኩት ሞላን። እሱም እሑድ ነአኩቶ ለአብ ገዳም ወስዶ መስቀል አስጨብጦ ሊያስምለው ቆረጠ።

«ዐሥር ዓመት አብረን በልተን?» አለ ካሴ ይህን ሲሰማ፣ አንገቱን ደፍቶ። ማስመሰል መሰለኝ። ከኢንተርኔት ቤት ለልጄ ጻፍኩላት፦ ሌባው ካሴ ነው።

ረቡዕ

ከሞላ ጋር ኢንተርኔት ቤት። ደብዳቤውን አነበበ፣ ገጹን ዘጋ፣ ኮምፒውተሩን በአቧራ መከላከያ ጨርቁ ሸፍኖ ተነሣ። በጥንቃቄው ኩራቱ! የራሴን ላነብ ጨርቁን ገልጬ ያንኑ ገጽ ከፈትኩ። የሞላ ደብዳቤዎች ያለ ይለፍ ቃል ተዘረገፉ።

«ዘግቼው ነበር እኮ፣ ጋሼ!»

መዝጋትና መውጣት ለየቅል ነው። ድረ ገጹ ኮምፒውተሩ ላይ ኩኪ የሚሉትን ትንሽ ማስታወሻ ይተዋል፦ ይህን ሰው አውቀዋለሁ፣ ይግባ። ቀጥሎ የተቀመጠው ማን እንደሆነ አይጠይቅም።

የኢንተርኔት ቤቱን ባለቤት ጠየቅኩት። «"አስታውሰኝ" የሚለው ላይ ምልክት የማደርግላችሁ እኔ ነኝ። ለደንበኛ ምቾት።»

ምቾት!

እንደ እኔ ያለ የጋዜጣ ሰው ሳያረጋግጥ አይጽፍም። በሌላ ኮምፒውተር አዲስ ኢሜይል ከፍቼ፣ የሌለ እንግዳ ሆኜ ለሞላ ጻፍኩለት፦ ሚስተር ኦስካር፣ ነገ፣ ጋሸና። ለካሴ አልነገርነውም። የሞላን ገጽ እንደ ልማዱ ዘግተን ጨርቁን አለበስነው።

ሐሙስ

ጋሸና፣ ምግብ ቤት በረንዳ ላይ። በላይ ጫማውን አስጠርጎ፣ ሸሚዙን ተኩሶ መጣ። የወልድያው አውቶቡስ ሲቆም የወረደውን ፈረንጅ ሁሉ «ሚስተር ኦስካር?» ይላል። አንዲት አሮጊት እንኳ አልቀረችውም። ሹፌሮቹ ሳቁበት።

«ኦስካር እኔ ነኝ» አልኩት።

ደነገጠ፤ ቶሎ ግን ጥርሱን አሳየኝ። «እኔስ እንግዳ ነው የወሰድኩ፣ ጋሼ። ካሴን ሌባ ብለው ለልጅዎ የጻፉት እርስዎ አይደሉ?»

እዚያው ኮምፒውተር ላይ የእኔንም ከፍቶ አንብቧል። ሠላሳ ዓመት በጋዜጣ ሳላጣራ የሰው ስም አንሥቼ አላውቅም ነበር።

ዓርብ

ከየገጹ በትክክል ወጣን፣ ኩኪዎቹን አጠፋሁ፣ ይለፍ ቃላችንን ቀየርን። ባለቤቱ «ምነው እንዲህ መልፋት?» አለ። ተውኩት።

ከዚያ ካሴ ቤት። ሞላ ደጁ ላይ ቆሞ በጫማው መሬት ይጭራል። እኔ ቀደምኩ፦ «መጀመሪያ የወነጀልኩህ እኔ ነኝ።»

«እሑድ ነአኩቶ ለአብ እንሄዳለን» አለ ካሴ። «የምትምሉት ግን እናንተ ናችሁ፤ ሳታጣሩ ሰው ላትከሱ።»

እሺ አልኩት። ሞላ ግን ለመማል እስካሁን እሺ አላለውም።