በመሳቢያው ግርጌ ያለው የእጄ ጽሕፈት

ለተከበሩ እኅቴ፣ ለእናቴ ምትክ፣ ለልጄም አሳዳጊ ለእትዬ፤

ዘመናትን የሚያፈራርቅ አምላክ ጤናዎን አብዝቶ ይጠብቅልኝ። ለመሆኑ እንዴት ሰንብተዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ደረጃ ሲወጡ የሚያጥርዎ ትንፋሽስ ቀለል አለልዎ? ዓይንዎ ዳዊት ለመድገም ይበቃል ወይስ መነጽሩ መቀየር አለበት? የግቢው ሰው ሁሉ ደኅና ነው? እኔ በአካል ደኅና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ማለዳም ተነሥቼ ጸሎቴን አደርሳለሁ። ውስጤ ግን ደኅና አይደለም። ለልጄ እንዳላዋየው ነገሩ የእርሱ ነው። ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው «አስቀድመህ ከቤተ ሰብህ ጋር ተነጋገር» አሉኝ። ከእርስዎ ሌላ ማን አለኝ?

ልጄ የሚሠራውን ሥራ በደንብ ነግሬዎት አላውቅምና ከዚያ ልጀምር። የቤት ዕቃ ይጠግናል፣ ይሸጣልም፤ ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው ግን ኮንሶል በሚሉት ጠረጴዛ ነው። ኮንሶል ጠባብና ረጅም ሆኖ፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ በቤት መግቢያ የሚቆም ጠረጴዛ ነው። ከበላዩ መስታወት ይሰቀላል፣ ቁልፍና አበባ ይቀመጥበታል፤ ማዕድ አይቀርብበትም፣ ማንም ተቀምጦ አይጽፍበትም። ታዲያ ሥራው ምንድን ነው ብዬ ብጠይቅ፣ ቫርኒሽ የሚቀባው ሰው «አባባ፣ እንግዳ ይቀበላላ!» አለኝ። ዛሬ ሰው ሁሉ የሚፈልገው አሮጌውን ነው። እግሩ በእጅ የተቀረጸ፣ ጠርዙ በመዳሰስ ብዛት የለሰለሰ ኮንሶል ካገኙ አዲሱን ጥለው በእርሱ ይሻማሉ። ልጄም መጀመሪያ እውነተኛዎቹን አሮጌዎች እየሰበሰበ፣ የላላውን እግር በኮላ እያጠበቀ፣ የጎደለውን እየሞላ ይሸጥ ነበር። እጁ የተባረከ ነው፤ ይህን ሳልመሰክርለት ወደ ጥፋቱ ብሄድ ይፈረድብኛል።

ባለፈው ክረምት ከፈረሰ ቤት አንድ ኮንሶል መጣ። የመሳቢያው ወለል ለሁለት ተሰንጥቋል። ገልብጠው ሲያዩት በግርጌው በቀለም የተጻፈ ቃል ተገኘ፤ አንድ አባት ለልጁ ሠርግ እንዳሠራው፣ ስሙንና ዓመቱን ጠቅሶ፣ ቤቷ የሰላም ቤት እንዲሆን አምላኩን የለመነበት ነው። ልጄ አዲስ ጣውላ አመጣና «አባባ፣ ጽሑፉ ከተሰበረው ጋር እንዳይጠፋ እዚህ ላይ ገልብጥልኝ» አለኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግርዎት አልችልም። ዓይኔ ከደከመ ወዲህ ብዕር ይዤ አላውቅም ነበርና። ጥላሸት በጥብጬ፣ መቃ ቀርጬ፣ በልጅነቴ እንደ ተማርሁት ገለበጥሁ፤ ከአብነቱ፣ ከምገለብጥበት ጽሕፈት፣ አንዲት ነጥብ ሳላጎድል፣ ከራሴም አንዲት ቃል ሳልጨምር። ስሙንም ዓመቱንም እንዳለ። ቁም ጸሐፊ የሚመሰገነው የራሱ እጅ እስከማይታወቅ ድረስ አብነቱን ሲመስል አይደለምን?

በሳምንቱ ሌላ ጣውላ መጣ፤ ከዚያም ሌላ። «ደንበኞች ወደዱት» አለኝ። እኔ ሞኙ ሰው በረከቱን የወደደ መሰለኝ። ዕድሜዬን መጽሐፍ ስገለብጥ የኖርሁ ነኝና፣ አንዱን ጽሕፈት ሰባት ጊዜ መጻፍ ነውር መሆኑ ከቶ አልታየኝም። የምጽፈው በጓዳ ነበር፤ ጣውላው የት እንደሚገባ አላየሁም። ቀቢው ብቻ አንድ ቀን እየሳቀ «አባባ፣ እኛ እንጨቱን ለማስረጀት በሻይ እናጥባለን፣ በሰንሰለት እንደበድባለን፣ በቀጭን መሰርሰሪያ ነቀዝ የበላው እናስመስላለን። እርስዎ ግን ያለ ሻይ ነው ያረጁት! መስኮቱ ላይ ብናቆምዎ እስከ ምሳ ሳይሸጡ አይቆዩም» አለኝ። ስቄ አለፍሁት። ያን ቀን መጠየቅ ነበረብኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከልጄ ጥቂት የምትበልጥ አንዲት አዋላጅ በአንሶላ የተጠቀለለ መሳቢያ ታቅፋ ገባች። ልጄ ቫርኒሽ ሊገዛ ወጥቶ ነበርና በወንበሩ የተቀመጥሁት እኔ ነኝ። ኮንሶሉን ከገዛች ወር አልሞላትም። ስታጸዳው መሳቢያውን ገልብጣ ጽሕፈቱን አነበበች፤ ስሙም የአያቷ ሆኖ ተገኘ። ለሠርጓ የተሠራላት ሙሽራ እናቷ ናት። ጠረጴዛው ገና እርሷ ሕፃን ሳለች ከቤታቸው ወጥቶ ስለ ጠፋ፣ እናቷ እስክትሞት ድረስ «እዚያ ላይ የአባቴ እጅ ነበረ» ትል ነበር አለችኝ። አዋላጇ የመጣችው ልታመሰግን ኖሯል። መሳቢያውን ወደ ከንፈሯ አስጠግታ ሳመችው። እትዬ፣ የሳመችው የአያቷን እጅ አይደለም፤ ከደረቀ ሁለት ወር ያልሞላውን የእኔን ጥላሸት ነው። «እግዜር ይስጥልኝ አባቴ» ብላ እጄን ልትስም ጎንበስ ስትል፣ ጣቴ ላይ ቀለም አይቼ ወደ ኋላዬ ደበቅሁት።

ልጄ ሲመለስ የአዋላጇን ነገር ነግሬ ጠየቅሁት። አልካደም። አሮጌው እንዳለቀበት፣ ከመጀመሪያው በስተቀር ሌሎቹን ስድስቱን ከፈረሱ ቤቶች በር በተገኘ ጣውላ ራሱ እንደ ሠራቸው፣ አዋላጇ የገዛችውም ከእነዚሁ አንዱ እንደ ሆነ፣ እንጨቱ የጥንት ስለ ሆነም ውሸት እንዳልሆነ ነገረኝ። «አባባ፣ እኔ የእገሌ ነው ብዬ አልሸጥሁም፤ ራሳቸው ያነባሉ፣ ራሳቸው ያምናሉ» አለኝ። «የሚያነቡት የማንን እጅ ነው?» አልሁት። የገዛውን ቫርኒሽ መሬት አስቀመጠና «ብትነግራት ወሬው በአንድ ቀን ገበያውን ይዞረዋል። አብረውኝ የሚሠሩትን ሰዎች ምን ልበላቸው? አንተ ነፍስህን ታድናለህ፣ እኔ ሱቄን እዘጋለሁ» አለ። ይህ ቃሉ እውነት አለበት።

ሆኖም ሁለት እሑድ ቅዳሴ አስቀድሼ መቁረብ አቃተኝ። የተሰነጠቀው፣ እውነተኛው ጣውላ እኔ ዘንድ ነበር፤ ገልባጭ አብነቱን አይጥልም። ባለፈው ሐሙስ በጋዜጣ ጠቅልዬ ወደ አዋላጇ ቤት ሄድሁ። ስታየኝ ፊቷ በራ። ጠረጴዛው መግቢያው ላይ ቆሟል፤ በላዩ የእናቷ ፎቶግራፍ። ሁሉንም ነገርኋት። ሁለቱን ጣውላዎች ጎን ለጎን አድርጋ ብዙ አየቻቸው፤ ጽሕፈቱን ከጽሕፈቱ መለየት አልቻለችም። አልዋሽዎትም፣ በሌላ ዘመን ይህ ክብሬ በሆነ ነበር። ከዚያም የተሰነጠቀውን ደረቷ ላይ ይዛ «ታዲያ የሳምሁት ምን ነበር?» አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ይቀመጡም አላለችኝም። ፎቶግራፉን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ ወደ ውስጥ ስትገባ፣ በሩን ራሴ ዘግቼ ወጣሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ ሰላምታ አላጓደለብኝም፤ ሌላ ቃል ግን የለም። ምሳዬ ይቀርባል፣ መድኃኒቴ ይገዛል፣ ዓይኑ ግን ከዓይኔ አይገጥምም። ቀቢው እንኳ መቀለድ ትቷል። አዋላጇ ለማን እንደምትናገር አናውቅምና፣ የሱቁ በር በተከፈተ ቁጥር ሁላችንም ቀና እንላለን። እኔም ደረሰኝ እያገላበጥሁ የቀሩትን ገዥዎች ቤት እፈልጋለሁ፤ ከእነርሱ በአንዱ የአያቷ እውነተኛ ጠረጴዛ ቆሟልና። እስካሁን አላገኘሁትም።

ከሰባቱ አንዱን ግን መፈለግ አያሻኝም። በጠባችን መካከል ልጄ ነገረኝ፤ ባለፈው ወር በጭነት መኪና የላከልዎ ኮንሶል ከስድስቱ አንዱ ነው። «እትዬንም?» ብዬ ብጠይቀው አለቀሰ። «ለእሷ የላክሁት ከሁሉ ያማረውን ነው» አለኝ። አምነዋለሁ፤ ወድዶዎት ነው፤ ወድዶዎት ግን አታለለዎት። እኔም በእጄ አገዝሁት።

ስለዚህ እለምንዎታለሁ፤ መሳቢያውን ያስወጡና ያስገልብጡት። ጽሑፉን አያስፍቁት፤ የአንድ አባት ልመና ነው። እጁ የሚያምር ሰው ፈልገው ከሥሩ «ይህን ቃል የገለበጠ ወንድሜ ነው፤ ጠረጴዛው አዲስ ነው፤ የሠራውም ያሳደግሁት ልጄ ነው» ብለው ያስጽፉበት። ጎረቤት ሲመጣም ያንን ያሳዩ። ከዚያ ለልጄ ይጻፉለት። ተግሣጽ አይጻፉለት፤ ተግሣጹን ከእኔ ጠግቧል። የእርሱ ሥራ መሆኑን አውቀው ከቤትዎ እንዳላወጡት ብቻ ይንገሩት። እኔ አፌን ሞልቼ ልለው ያልቻልሁት ይህን ነው።

ልጅዎን፣ አማችዎን፣ በቅርብ ቀን የምትወልደውን የልጅ ልጅዎን፣ ከግድግዳው ማዶ ያሉትን ጎረቤትዎንም እያንዳንዳቸውን በስማቸው እየጠሩ ሰላም ይበሉልኝ። በጸሎትዎ ሁለታችንን አይለያዩን።

ታናሽ ወንድምዎ
ከልጄ ሱቅ በላይ ካለችው ክፍል
ሰኔ ፲፬ ቀን