መኖሩ ሊረጋገጥ ካልቻለው ልብስ ሰፊ

ለተከበሩ የክፍያ ድርጅቱ የነጋዴዎች ማረጋገጫ ክፍል ኃላፊ፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በተለይም ወገብዎ በሙሉ ጤንነት ላይ እንዲገኙ ከልብ እመኛለሁ። ወገብዎን ለይቼ ማንሳቴ ድፍረት ከመሰለዎ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ልብስ ሰፊ ስለሆንሁ የሰው ጤና የሚታየኝ በዚያ በኩል ነው። በግልጽ ለመጻፍ የተነሳሁትም ለእርስዎ ክፍል የላክኋቸው ማመልከቻዎች በሙሉ ዓይኔን ሳላሽ ውድቅ ስለተደረጉልኝ ነው። እንዲህ ያለው ቅልጥፍና በአደባባይ ካልተመሰገነ የት ሊመሰገን ነው?

እኔ በገበያ ማዕከሉ ሁለተኛ ፎቅ፣ ኮሪደሩ የሚያልቅበት፣ ከደረጃው ስር ባለችው ክፍል በልክ የምሰፋ ሰው ነኝ። ከክፍሌ በር ፊት ለፊት የተዘጋጁ ልብሶች የምትሸጥ ጎረቤት አለችኝ፤ ፎቶ በምታነሳበት ክብ መብራት የተነሳ የኮሪደሩ ሰው በሙሉ ‹ብልጭልጭ› ብሎ ይጠራታል። ድርጅትዎ ለእርሷ የኦንላይን ሱቅ ከፍቶላታል፤ ኪውአር ኮድ ያለበት ሰሌዳም ሰጥቷታል፤ እርሷም ከስፌት መኪናዬ ቀና ባልሁ ቁጥር በሚታየኝ ቦታ ላይ ሰቅላዋለች። ክፍያ በገባ ቁጥር ስልኳ ደስ የሚል የደወል ድምፅ ያሰማል። በእውነት ደስ ይላል፤ ቀኑን ሙሉ እሰማዋለሁ።

እንግዲህ ቅሬታ የሚመስሉ ምስጋናዎቼን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ ለኦንላይን ሱቁ ስመዘገብ የልብሱን መጠን እንድሞላ ተጠየቅሁ። ምርጫው ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ነው። በዚህ ሙያ ስኖር በእነዚህ ሦስት ቃላት የሚያልቅ ሰው ገጥሞኝ ስለማያውቅ ‹እንደ ሰውየው› ብዬ ጻፍሁ። ዋጋ በሚለውም ቦታ ‹ከተለካ በኋላ እንነጋገራለን› አልሁ። ሲስተማችሁ በቀይ ቀለም መለሰልኝ። አንዱ ትከሻው ዝቅ ያለ፣ ሌላው ሆዱ የቀደመው፣ ሦስተኛዋ ክንዷ የረዘመ እያልሁ ዕድሜዬን ስደክም የኖርሁት በከንቱ መሆኑን ስላሳወቃችሁኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ የምርቴን ፎቶ ጠየቃችሁ። የእኔ ሥራ ሲያልቅ ባለቤቱ ለብሶት ይሄዳል፤ ክፍሌ ውስጥ የሚቀረው ገና ያላለቀው ነው። ስለዚህ አንድ እጅጌ ብቻ የገባለትን፣ የጠመኔ ምልክቱ ያልጠፋውን ኮት አንስቼ ላክሁ። ‹ምርቱ ጉድለት አለበት› አላችሁኝ። ያለቀ ልብስ ብፈልግ ብፈልግ ያገኘሁት የራሴን ኮት ነው፤ እርሱኑ ለብሼ ተነሳሁ። ‹የግለሰብ ፎቶ አይፈቀድም› አላችሁኝ። ያነሳችኝ ደግሞ በዚያው በክብ መብራቷ ብልጭልጭ ናት፤ ‹ጋሼ፣ ልብሱ እንዲሸጥ ትንሽ ፈገግ ይበሉ እንጂ› እያለች። ሰው ክፉ ሆኖ ቢያስቀናኝ ይቀለኝ ነበር፤ እርሷ ግን ጨዋ ናት፣ ይህም ያናድደኛል።

ሦስተኛ፤ ያለሁበትን በካርታው ላይ እንዳመለክት ታዘዝሁ። ጣቴን ክፍሌ ላይ ባሳርፍ ባሳርፍ ምልክቷ እየተንሸራተተች የምታርፈው ጎረቤቴ በር ላይ ነው፤ ሰው በፈቃዱ ወደ እርሷ መሄዱ አንሶ ካርታውም ወደዚያው ያደላል። በመጨረሻም ‹በዚህ አድራሻ ሌላ ነጋዴ የተመዘገበ በመሆኑ የአመልካቹ የሥራ ቦታ መኖሩ ሊረጋገጥ አልቻለም› የሚል፣ ስምዎና ፊርማዎ ያረፈበት ደብዳቤ መጣልኝ። ደብዳቤውን ያመጣው ሰው ያስረከበኝ እዚያው ክፍሌ ውስጥ መሆኑን በትሕትና አስታውሳለሁ።

አራተኛው እናንተን አይመለከትም፤ ሆኖም የቅናት አቤቱታ የሚቀበል መሥሪያ ቤት ስለማላውቅ እዚሁ ላቅርበው። አዎን፣ ቀንቻለሁ። በቤተሰባችን የተዳሩ ሴቶችን ሁሉ የሠርግ ቀሚስ የሰፋሁት እኔ ነኝ። የእህቴ ልጅ መታጨቷን እንደሰማሁ ነጭ ሐር ገዝቼ፣ ቁም ሣጥኔ ውስጥ አስቀምጬ፣ ለልክ የምትመጣበትን ቀን እጠብቅ ነበር። መጣችም፤ ግን በእጇ ቀሚስ ይዛ። ሶፋ ላይ ተጋድማ ስልኳን ስትነካካ ከብልጭልጭ ገጽ ላይ ዓይኗ ገብቶ፣ መካከለኛ የሚለውን ተጭና፣ በእናንተው አፕሊኬሽን ከፍላ የገዛችው ነው። ትከሻው ጠቧታል፣ ወገቡ ሰፍቷታል። ‹አጎቴ፣ አንተን ላለማስቸገር ብዬ እኮ ነው፤ ትንሽ ነካ ነካ አድርግልኝ› አለችኝ።

ነካ ነካ አደረግሁት። ማለትም እጅጌውንም፣ ወገቡንም፣ ጀርባውንም ተርትሬ እንደ አዲስ ሰፋሁት። በሠርጓ ዕለት እንግዳው ሁሉ ዓይኑን ከእርሷ ላይ መንቀል አቃተው። እርሷም ምስጋናዋን አልነፈገችም፤ ብልጭልጭ ገጽ ገብታ አምስት ኮከብ ሰጥታ ‹በልኬ የተሰፋ ነው የሚመስለው› ብላ ጻፈች። ጎረቤቴ ኮሪደሩን ተሻግራ በደስታ አነበበችልኝ። እንኳን ደስ አለሽ አልኋት። ሐሩ ዛሬም ቁም ሣጥኔ ውስጥ ነው፤ በከፈትሁት ቁጥር ያንገበግበኛል።

የጎረቤቴን ሱቅ ዝጉልኝ አልልም፤ ለማጣራት ያህል ጥቂት ቀን ብታግዱት ግን አልቀየምም። ኮከብም አልጠይቅም። የምፈልገው ያ ደወል አንድ ቀን ከእኔ ክፍል እንዲጮኽና እርሷ በተራዋ ቀና ብላ እንድታይ ነው።

ጎንበስ ማለት የዕለት ሥራዬ ስለሆነ ሳይከብደኝ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ለቅልጥፍናዎ ያለኝን አድናቆት በድጋሚ እየገለጽሁ፣ መኖሬ እስኪረጋገጥ ድረስ ታዛዥዎ ሆኜ እቆያለሁ።

ከደረጃው ስር ያለው ልብስ ሰፊ
(አለ ከተባለ)

ማስታወሻ፤ ከጎረቤቴ ገጽ በትልቅ መጠን ገዝተው፣ ወገቡ አልደርስ ስላለዎ ባለፈው ሳምንት ራስዎ ይዘውልኝ የመጡት ግራጫ ሱሪ አልቋል። በመስታወቴ ፊት ቆመው፣ እኔ ተንበርክኬ እግርዎን ስለካ ማን እንደሆኑ አላወቅሁም ነበር፤ የነገሩኝን ስም በጠመኔ ገበሩ ላይ ስጽፍ ነው በላኩልኝ ደብዳቤ ላይ ያለው ስም መሆኑን ያየሁት። እንዲወስዱት ብጠራዎ ደስታዬ ነበር። ነገር ግን ሱሪው የተቀመጠው መኖሩ ሊረጋገጥ ባልቻለ የሥራ ቦታ ስለሆነ፣ ሱሪው ስለመኖሩ ማረጋገጫ መስጠት ከሥልጣኔ በላይ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ጉዳዩንም ለውሳኔ ወደ እርስዎ ክፍል መርቼዋለሁ።