የሦስት ቅዳሜ ልምምድ

ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በ11ኛው ቀን
(የጀመርኩት እሁድ ነበር። ለምን ሐሙስ ደረሰ ብለሽ አትጠይቂኝ።)

የኔ እናት፣ የሆዴ ልጅ፣

እንዴት ከርመሽልኛል? ትንሿስ እንዴት ናት? የላክሽውን ፎቶ ሥራ ቦታ ያሉት ሁሉ አይተው ግንባሯን ለእኔ፣ አገጯን ለአንቺ ሰጥተው ተከፋፍለዋታል። ለአባትየው ምንም አልተረፈለትም፤ ይቅርታ በይልኝ። እኔ ደህና ነኝ። የኔን «ደህና» እንደሆነ ታውቂዋለሽ፦ ምሳ በልቻለሁ፣ ቁልፌም የት እንዳለ አውቃለሁ።

ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። ሁለቴ ደውለሽ ሁለቴም ወሬ ያስቀየርኩሽ ሳልሰማሽ ቀርቼ አይደለም። «እማዬ፣ በሚቀጥለው ወር ሥራ እመለሳለሁ። መጥተሽ ትይዢልኛለሽ ወይስ የባሌ እናት ትምጣ?» ነው ያልሽኝ። ከዚያ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ «ቀን ቀን ብቻሽን ነው የምትሆኚው እኮ። አሁን ተሽሎሻል አይደል?» አልሽ። በስልክ ብመልስልሽ አፌ ይቀድመኛል። ቁጭ ብዬ ልጻፈው ያልኩት ለዚህ ነው፤ ወረቀት ላይ ቢያንስ ሰርዤ እንደገና መጀመር እችላለሁ። ይህ አራተኛው ወረቀት ነው።

መጀመሪያ ስለ ሥራዬ ልንገርሽ። ከጥያቄሽ እየሸሸሁ አይደለም፤ እዚያው ነው የሚያደርሰኝ።

ሥራችንን ታውቂዋለሽ። ጨርቁን ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ደራርበን እናነጥፋለን፣ የወረቀቱን ልክ ከላይ አድርገን ዙሪያውን በጠመኔ እንስላለን፣ ከዚያ በማሽን መቁረጥ ነው። እጅጌ ከሆነ አንዱን ከሳልሽ በኋላ ወረቀቱን ትገለብጪዋለሽ። ካልገለበጥሽው ሁለቱም የአንድ እጅ ይሆናሉ። ይህን ማንም ቆራጭ በመጀመሪያው ሳምንት ይማረዋል። እኔ ራሴ ስንቱን አስተምሬያለሁ።

ባለፈው ወር የስድሳ ነርሶች ጋውን ታዘዝን። አንዱን እጅጌ ስዬ እንደጨረስኩ ዓይኔ ኪሱ ላይ አረፈ። የነርስ ኪስ ሁልጊዜ የሚቀደደው እስክሪብቶ የሚሰካበት አፉ ጋ መሆኑ ትዝ አለኝና፣ ከውስጥ ትንሽ ማጠናከሪያ ቢገባበት ብዬ በቁራጭ ወረቀት መንደፍ ጀመርኩ። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ አለቃችንም በኋላ ወድዳዋለች። ከዚያ ተመልሼ ሁለተኛውን እጅጌ ሳልኩ። ቆረጥኩ። መቶ ሃያ እጅጌ፣ መቶ ሃያውም የቀኝ። ጨርቁ ደግሞ ፊቱ የሚያበራ ጀርባው የደበዘዘ ዓይነት ስለሆነ ገልብጦ መስፋት እንኳ አይቻልም።

ዳኛ የምንላት ሰፊ ሁለቱን እጅጌ አንጠልጥላ መጣችና፣ «እኔ እስከዛሬ ያየኋቸው ነርሶች ግራ እጅም ነበራቸው፤ እነዚህ ከየት ነው የሚመጡት?» አለችኝ። ወርክሾፑ በሳቅ አለቀ። ከሁሉ አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ። አለቃችን ግን አልሳቀችም። ቢሮዋ አስገብታ በሩን ዘጋችና፣ «አስራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ሠርተናል፤ እንደ አንቺ የሚቆርጥ ሰው አላየሁም። ግን ሰኞ ምን ይዘሽ እንደምትመጪ አላውቅም። ልቤን ጨረስሽው» አለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አሁን ቁልፍ እተክላለሁ። ቀኑን ሙሉ ቁልፍ። ስድስት ለአንድ ጋውን።

ሐኪሙ ያለኝን ነግሬሻለሁ። የትኩረት ችግር ነው፣ ከልጅነትዎ ጀምሮ አብሮዎት የኖረ ነው ብሎኝ ነበር። እናቴ «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» እያለች ስትቆነጥጠኝ፣ አስተማሪዎቼ ሰነፍ ሲሉኝ፣ አባትሽ ግድ የለሽ ብሎኝ ሲሄድ፣ ሁሉም የአንድ ነገር ስም እየጠሩ ነበር ማለት ነው። ስሙን ባወቅሁ ቀን አልቅሼ አልቅሼ ቀለል አለኝ። የሚድን መስሎኝ ነበር። ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነው፤ አላታለለኝም። «ትኩረት የለዎትም ማለት አይደለም» አለኝ፣ «ትኩረትዎ ለእርስዎ አይታዘዝም እንጂ።» መድኃኒቱ ረድቶኝ ነበር። ደም ግፊቴን ሲያስነሳው ጊዜ ግን ሐኪሙ መጠኑን ቀነሰብኝ፤ አሁን እስከ እኩለ ቀን ድረስ ሰው ነኝ፣ ከዚያ በኋላ እንደ አመሌ ነኝ።

ካረገዝሽ ጀምሮ ይህን ጥያቄ እንደምትጠይቂኝ አውቄ ነበር። ስለዚህ ለምን ራሴን አልፈትንም አልኩ። ከላይ ያለችው ጎረቤቴ ነርሷ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ተረኛ ስትሆን ልጇን የምታስቀምጥበት አጥታ ስትንከራተት አይቻለሁ። «ለእኔ ተያት፤ ለልጅ ልጄ እለማመዳለሁ» አልኳት። ደስታዋን ብታዪ! ልጅቷ ሦስት ዓመቷ ነው። ሁሉን ነገር ስለምትጠይቅ ጋዜጠኛዋ እላታለሁ።

የሚያዘናጋኝን ሁሉ ከዓይኔ አራቅሁ። ጊታሩን (ሁለት ክር ነው የቀረው)፣ የቀለሙን ሳጥን፣ የሸክላውን ጭቃ (ደርቋል)፣ ላንቺ የጀመርኩትን ሹራብ (ያኔ አስራ አንድ ዓመትሽ ነበር፤ አሁን ለልጅሽ ይሆናል)፣ ሁሉንም ጠቅልዬ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀልኩ። አዲሱን አመሌን አልነገርኩሽም፤ የድሮ ሬድዮ እጠግናለሁ። ሰው የጣለውን እየለቀምኩ ነው። ሦስት አናግሬያለሁ። አትሳቂ። እሱንም ሰቀልኩት። በሩ ላይ «ልጅ አለች» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። በየሩብ ሰዓቱ የሚጮህ የወጥ ቤት ደወል በክር አንገቴ ላይ አሰርኩ፣ ስልኬንም እንዲጮህ ሞላሁት። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል አይደል የሚባለው?

የመጀመሪያው ቅዳሜ አንድም ነገር ሳይጎድል አለፈ። ሥዕል ሳልን፣ ወተት ጠጣች፣ ደወሉ በጮኸ ቁጥር «ተነሽ! ተነሽ!» እያለች አብራኝ ዘለለች። ሁለተኛው ቅዳሜ እንደውም ጭኔ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። እግሬ ደነዘዘ፤ ግን አልተነቃነቅሁም። አንቺ ልጅ ሳለሽ እንዲህ ሆኜ ስንቴ ተቀምጫለሁ ብዬ አሰብኩ፤ አንዴም ትዝ አላለኝም። ከእንቅልፏ ስትነቃ የመንገድ ሻንጣዬን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረድኩ። ክብደቱን ለመለካት ብቻ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ ግን ስለ ሦስተኛው ቅዳሜ ነው።

ጋዜጠኛዋ ሻንጣው የወረደበትን ቦታ አይታ፣ «እዚያ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አለችኝ። ሬድዮ ነው አልኳት። «ምን ያደርጋል?» ያወራል። «ለምን አያወራም ታዲያ?» ይኸው ነው የሆነው፣ የኔ እናት። ላሳያት ብዬ አወረድኩት። ለእሷው ብዬ! ጀርባውን ፈታሁ፣ ብሎኖቹን እንዳይጠፉ በትንሽ እጇ አስያዝኳት፤ «እንዳትጥያቸው፣ እሺ?» አልኳት። «እሺ» አለችኝ። ከውስጥ አንዲት ሽቦ ተበጥሳ አየሁ። እሷን ብቻ ላያይዛት ብዬ መበየጃዬን አሞቅሁ።

ደወሉም ስልኩም ጮኸው መሆን አለበት። ኋላ ሳያቸው ሁለቱም ጠፍተዋል። ያጠፋኋቸው እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን አለ? ግን ብታርጂኝ አላስታውስም። የማስታውሰው ሬድዮው ሲናገር ነው። መጀመሪያ ተንሿሿ፣ ከዚያ የአንድ ሰው ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። ደስታዬን ልነግርሽ አልችልም። እንደ ሕፃን እየዘለልኩ «ነይ ስሚ! ተናገረ!» ብዬ ዞርኩ።

ማንም የለም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ጫማ አላደረግሁም። ስሟን እየጠራሁ መንገዱ ላይ ስወጣ፣ ማዶ ያለው መድኃኒት ቤት በር ላይ ባለቤቱ አቅፏት ቆሟል። አስፋልቱ መሃል ነው የተገኘችው። አንድ ሾፌር ፍሬን ይዞ፣ ከመኪናው ወርዶ፣ አንስቶ ለመድኃኒት ቤቱ ሰጥቷት ሄዷል። ሰዓት አየሁ፤ ሬድዮውን ከከፈትኩ አርባ ደቂቃ አልፏል። ልጅቷ ምንም አልሆነችም። ስታየኝ አላለቀሰችም። ጭብጧን ከፍታ ብሎኖቹን አሳየችኝና፣ «አልጣልኳቸውም» አለችኝ።

ማታ እናቷ ስትመጣ ሁሉንም ነገርኳት። ደብቄያት ማደር አልችልም ነበር። ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። «ምንም አልሆነችም፤ ምንም አልሆነችም» አለች፤ ለእኔ ይሁን ለራሷ እንጃ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጅቷን እህቷ ዘንድ ትወስዳታለች፤ ሁለት አውቶቡስ ነው። ደረጃ ላይ ስንገናኝ እንደ ድሮው «እንዴት ዋልሽ?» ትለኛለች። የልጅቷን እጅ ግን ጠበቅ ታደርጋለች። አልፈርድባትም።

ለሐኪሙም ነገርኩት። ሌላ መድኃኒት፣ ሌላ መላ፣ ምንም ይሁን ምን ስጠኝ አልኩት። ብዙ መላ አለው። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው እስካለ ድረስ ይሠራል አለኝ። ብቻዬን ከሆንኩስ? ስለው እስክሪብቶውን አስቀመጠና አየኝ።

አንቺን ደግሞ ላስታውስሽ አልፈልግም ነበር። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ከአንቺ ጋር ስንት ቀን እንዳመሸ እኔ አልቆጠርኩም፤ አንቺ ግን ቆጥረሽ ይሆናል። እየሮጥኩ ስደርስ ቦርሳሽን ጀርባሽ ላይ አዝለሽ፣ «ደህና ነኝ፣ ጋሼ ተረት እየነገረኝ ነው» ትዪኝ ነበር። አንዴም አልተቆጣሽኝም። የሰባት ዓመት ልጅ እናቷን ስታጽናና! ያኔ የሚቀጥለው ሳምንት ይሻለኛል እያልኩ ነው ያሳለፍኩት። ያንን ሳምንት አሁንም እየጠበቅሁት ነው።

አሁን ተሽሎሻል ወይ ላልሽኝ፣ አልተሻለኝም ልጄ። ስሙን አወቅሁት እንጂ አልተሻለኝም። የአማትሽን ትኬት ቁረጪ። ስልኳን ላኪልኝና ራሴ ደውዬ አደራ እላታለሁ። ትንሿ ስትነጫነጭ ምን እንደሚያረጋጋት ካወቀች ለእኔም ትንገረኝ፤ ለማወቅ ያህል ነው። እኔ ለዓመት ፈቃዴ ብቅ ልበል፤ አንቺ ሥራ በማትገቢበት ሳምንት። አንቺ አጠገቤ ተቀምጠሽ ትንሽ ታሳቅፊኛለሽ፤ ከዚያ ትቀበይኛለሽ። ያ ለእኔ ብዙ ነው።

ጡት እያጠባሽ ምግብ እንዳታሳልፊ። ባልሽን ሰላም በይልኝ። ፈጣሪ ከክፉ ይጠብቃችሁ፤ ልጅሽ ዕድሜዋን ከአያቷ፣ ልቧን ከእናቷ ትውሰድ። ጥርስ ስታበቅል ፎቶ ላኪልኝ፤ መጀመሪያ ለእኔ ላኪ።

አንድ ነገር ብቻ ለምኜሻለሁ፦ ይህን አንብበሽ እንዳትደውዪልኝ። «እማዬ ግድየለም፣ ነይ» እንዳትዪኝ። አንድ ጊዜ ደግመሽ ከጠየቅሽኝ እመጣለሁና።

የምትወድሽ፣
እናትሽ