ከሐረር የመጣው የኒል ዘር

ውድ ጀማል፣ የልጄ አባት፣

አላህ ይዘንልህ። አንተ ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት እየወጣ ነው። ሱቁን ለምሳ ዘግቼ፣ ሰው በሩን ሳያንኳኳ ልጻፍልህ ብዬ ተቀመጥኩ።

ቤቱ ደህና ነው። ያፈስ የነበረውን የጓዳ ቆርቆሮ አስቀይሬዋለሁ። «ሱቁን ዘግተሽ ወደ ቤተሰቦችሽ ግቢ» ያሉኝ ነበሩ፤ አልዘጋሁትም። ልጃችን ሰሚራም ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ስትናደድ ቅንድቧን የምታነሳው ልክ እንዳንተ ነው።

ሰሞኑን ደጋግሜ የማስበው የመጀመሪያ ልጃችንን የቀበርንበትን ጊዜ ነው። ስም አውጥተንላት ብዙ ሳትቆይ ሄደች። ከዚያ በኋላ ከመደቡ መነሳት አቃተኝ። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ምግብ ይዛልኝ ስትመጣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞር ነበር። አንተ ግን አንድም ቀን ተነሺ ብለኸኝ አታውቅም። አንድ ምሽት ከሱቅ ስትመለስ በወረቀት የተጠቀለለ ዘር መዳፌ ላይ አፈሰስክ።

«ኒል ይባላል» አልከኝ። «ከቅጠሉ ሰማያዊ ቀለም ይወጣል አሉ። ከሐረር የመጣ መንገደኛ ነው የሰጠኝ። እኔ አላውቅበትም፣ በእኔ እጅ ይሞታል። እባክሽ አንቺ አንድ ነገር አድርጊው።»

በእኔ እጅ ይሞታል ማለትህ ነው ያስነሳኝ። ሌላ የሚሞት ነገር ማየት አልቻልኩም።

ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ሥር ዘራሁት። የሰበታ ብርድ ለኒል ይበዛበታል፤ ማታ ማታ ጆንያ አለብሰው፣ ጠዋት እገልጥለት ነበር። ለእሱ ስል ውሃ ልቀዳ ወረድኩ፤ መንገድ ላይም ከሰው ጋር ማውራት ጀመርኩ። አንተ ስትገባ «አንድ ሰው እንዲህ ሲል ሰማሁ» እያልክ ቀጣዩን ሥራ ታቀብለኝ ነበር፤ አበባ ሳያወጣ ይታጨድ፣ ጋን ውስጥ ይዘፍዘፍ፣ የአመድ ውሃ ይጨመርበት።

ሽታውስ! አዴ ጫልቱ አፍንጫዋን ይዛ በአጥሩ ብቅ አለችና «ዘሃራ፣ ማል ታኤ? ምን ሆናችሁ ነው? ከብት ሞተባችሁ እንዴ?» አለች። ሆድህን ይዘህ ሳቅህ። እኔም ሳቅሁ። ልጃችን ከሄደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅሁት ያን ቀን ነበር።

መጀመሪያ የነከርነው ነጭ ሻሼን ነው። ከጋኑ ሲወጣ አረንጓዴ ሆኖ አየሁትና ተበላሸ ብዬ ልጥለው ስል እጄን ያዝከኝ። «ቆይ፣ ነፋስ ይንካው» አልክ። ዓይናችን እያየ ሰማያዊ ሆነ። በማግስቱ ተከናንቤው ገበያ ወጣሁ።

ጀማል፣ የማታውቀው ነገር አለ። እህትህ ራህማ ለለቅሶህ ከሐረር መጥታ ግቢውን ስታይ ቆማ ቀረች። «እዚህም ተከለው?» አለችኝ። አንተ ስለ ልጅነትህ ብዙ አታወራም ነበርና ሁሉን የሰማሁት ከእሷ ነው። እናታችሁ ቀለም ነካሪ ነበሩ አለች። አንተም ወደዚህ አገር እስክትመጣ ድረስ አብረሃቸው ትሠራ ነበር፣ እጅህ እስከ ክርንህ ሰማያዊ ነበር አለች።

ሁሉንም ታውቅ ነበር ለካ! ራስህ ፈጥነህ ልትሠራው የምትችለውን፣ አላውቅበትም እያልክ እኔ ቀስ ብዬ እስክማረው ጠበቅኸኝ። ራህማ አቅፋኝ አለቀስኩ። ያን ያህል የተወደደች ሴት መሆኔን አስቤ ነው ያለቀስኩት።

ባለፈው ኅዳር ውርጩ የኒሉን ግማሽ አቃጥሎት ነበር፤ የቀረው ግን አቆጥቁጦ በቅቶናል። አዴ ጫልቱም በግቢዋ ተክላ ትዘፈዝፋለች፤ አሁን አፍንጫዬን የምይዘው እኔ ሆኛለሁ። ሱቁ በር ላይ የምሰቅለውን ጨርቅ ፈልገው ከቡራዩ ድረስ የሚመጡ ሴቶች አሉ። በሰው እጅ አልወደቅሁም፤ ሰሚራን የማሳድገው አንተ በሰጠኸኝ ሙያ ነው።

አመሰግንሃለሁ። በሕይወት ሳለህ ይህን ቃል ሳልነግርህ የቀረሁት የሠራኸውን ስለማላውቅ ነበር፤ አሁን አውቄዋለሁ። ጁምዓ በመጣ ቁጥር ስምህን ጠርቼ ዱዓ አደርግልሃለሁ። ሰሚራም ከፍ ስትል፣ አባቷ እናቷን ከወደቀችበት እንዴት እንዳነሳ ከእኔው አፍ ትሰማለች።

ዘሃራህ