ማንም ሳይጎዳ ኮዲን አሰልፍልን

ሰኞ
ኮዲ ዛሬም አልተሰለፈም። ከእኛ በላይ ያለው አፓርትመንት ውስጥ ይኖራል። ሥራው ቤዝቦል ነው፤ በትክክል ለመናገር፣ ሌሎች ቤዝቦል ሲጫወቱ ተቀምጦ ማየት ነው። እኔ ያንኑ ሳደርግ ሰነፍ እባላለሁ።

በረንዳው ላይ ጓንቶቹን ደርድሮ ዘይት ሲቀባ አገኘሁት። አራት ጓንት ለሁለት እጅ? ጠየቅሁት። የውስጠኛው ሜዳ ተጠባባቂ ስለሆነ ከአራቱ ቦታ የትኛውም ቢጎድል መግባት አለበት። እሱ ያለበት የኮሎምበሱ ቡድን ለትልቁ ሊግ ተጫዋች መጋቢ ነው። ከዚያ ከላይኛው ሊግ እስከ እሑድ ካልጠሩት ግን ያሰናብቱታል፤ ቦታውን የሚወስድ ወጣት መጥቷል። ይህን የነገረኝ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። እኛ ዘንድ ገና "ልጁ" ይባላል፤ እነሱ ዘንድ ሽማግሌ ነው።

ማክሰኞ
ለአስቴር ነገርኳት። ስህተት። ባለቤቴ የሰው ችግር ከሰማች የጸሎት ርዕስ ታደርገዋለች።

ረቡዕ
የቤት ኅብረቱ ተራ የእኛ ነበር። አስቴር "ለኮዲ ቦታ እንዲከፈትለት እንጸልይ" አለች። ሁሉም ዐይኑን ሊጨፍን ሲል አፌን መያዝ አቃተኝ። "ቦታው የሚከፈተው እኮ ትልቁ ሊግ ያለው ተጫዋች ሲሰበር ነው" አልኩ።

ሽማግሌያችን ጋሼ መኮንን ዐይናቸውን ገለጡ። "ማነው የሚሰበረው? ልጆች አሉት?"

"ሳይኖሩት አይቀርም።"

"በሰው ቁርጭምጭሚት ላይ አልጸልይም!"

"ትንሽ ወለምታ ብትሆንስ ጋሼ?" አለች አስቴር።

"አስቱ! ይሄ ጸሎት ነው ድግምት?"

ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ተከራከርን። በመጨረሻ ጋሼ ራሳቸው ቀረጹት፦ "ጌታ ሆይ፣ ማንም ሳይጎዳ ኮዲን አሰልፍልን።" ከዚያ እንደ ጠበቃ "ሕመምም፣ ለቅሶም፣ ፖሊስም ሳይኖርበት" ብለው ጨመሩ። ታዲያ ምን ቀረ? አሜን አልኩ።

ሐሙስ
ኮዲ ትናንት ስለ ምን እንደተጯጯህን ጠየቀኝ። ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። "ሰው እያነከሰ ሲነሳ ልቤ መጀመሪያ ይዘላል፣ ከዚያ ያፍራል" አለኝ። መጽሐፍ ውስጥ ባገኘው አሰምርበት ነበር።

ዓርብ
ዝናብ። ጨዋታው ተሰረዘ። አስቴር ቀኑን ሙሉ ወደ ላይ ታያለች፤ የኮዲን ወለል ይሁን ሰማዩን አልለየሁም።

ቅዳሜ
ጠዋት በራችን ተደበደበ። ኮዲ ሻንጣ ይዞ ቆሟል። ኮል አድርገውታል፤ ትልቁ ሊግ ጠርቶታል!

አስቴር ደረቷን ይዛ "ማን ተጎዳ?" አለችው።

ማንም። የላይኛው ቡድን የሁለተኛ ቤዝ ተጫዋች ሚስት ወልዳለች። ለአባቶች የሦስት ቀን ፈቃድ አለ፤ ኮዲ የሚተካው ለዚያ ነው። ጋሼ ከከለከሏቸው ነገሮች ውስጥ መውለድ አልነበረም። ወደ ኤርፖርት እየነዳሁት ደወልኩላቸው። ወዲያው ጠየቁ፦ "ወንድ ነው ሴት?"

"ሴት።"

"ጌታ ያሳድግላቸው" አሉ።

እሑድ
ከቸርች መልስ ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጥን። ኮዲም ተቀመጠ፣ እዚያ ተጠባባቂ ወንበር ላይ። አስቴር ስክሪኑን ገሠጸችው። የመጨረሻው ዙር ላይ አስገቡት። ኳሷ በተወረወረች ቁጥር ጎንበስ ብሎ ይጠብቃል፤ ስትመታ ግን ወደ ሌላ ሰው ትሄዳለች። አለቀ። ሳይነካት ወጣ።

ቢሆንም እሑድ አልፏል፤ አላሰናበቱትም። በቀረችው አንድ ቀን ካልታየ ግን ወደዚያው ወደ ነበረበት ነው።

ጋሼ ደወሉ። "ኳሷ ወደ እሱ እንድትሄድ ብንጸልይስ፣ ማንን ይጎዳል?"

"መቺውን። ግን ኮዲ ኳሷን ከቀለባት መቺው ከዙሩ ይወጣል እንጂ አይሰበርም።"



"መውጣት ምንም አይደል" አሉ። "ነገ በስንት ሰዓት ነው?"